የጓደኝነትን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ልጄ፣ የላክሽውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። በስልክ ከምመልስልሽ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው፤ ምክር ሲጻፍ ቁጣው ይበርዳል፣ አንቺም ደግመሽ ታይዋለሽ።

ያስጨነቀሽ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ የ12 ዓመቱ ልጅሽ በትምህርት ቤት እንዲያነብ የተሰጠው መጽሐፍ ስድብና ዱላ የበዛበት፣ ሰው በግፍ የሚሞትበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ልጅሽ አንድ ነጭ ጓደኛ ይዟል፤ ሁለቱ አይለያዩም፤ የጓደኛው አባት ግን አፉ የማይገታ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ መጤ የሚባል ሰው ባያይ የሚወድ ነው። «ጋሼ፣ ልከልክለው ወይስ ዝም ልበል?» ብለሻል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጽሐፉ ልጀምር። የሁለተኛው ጥያቄሽን መልስም እዚያው ታገኚዋለሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጽሐፉ «ሮል ኦቭ ተንደር፣ ሂር ማይ ክራይ» ይባላል፤ በእኛ አፍ «ነጎድጓድ ሆይ አጓራ፣ ጩኸቴን ስማ» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲዋ ሚልድረድ ቴይለር በ1943 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ጃክሰን ከተማ ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቧ ወደ ሰሜን ተሻግሮ ኦሃዮ ውስጥ ቶሊዶ ገባ። አባቷ ግን ልጆቹን እየያዘ ወደ ደቡብ ይመላለስ ነበር፤ ዘመድ አዝማድ ማታ ተሰብስቦ የሚያወራውን እየሰማች አደገች። መጽሐፉን በ1976 አሳተመች። በዓመቱ፣ በ1977፣ በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ሽልማቶች ስመ ጥር የሆነውን የኒውበሪ ሜዳልያ አገኘችበት።

እኛን የሚነካ አንድ ነገርም አለ። ቴይለር በ1965 ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰች ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት በኩል ወደ አገራችን መጥታ ሁለት ዓመት ይርጋለም እንግሊዝኛና ታሪክ አስተምራለች። በእኛ ዘመን የፒስ ኮር መምህር ያላየ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥቂት ነው። የይርጋለም ተማሪዎች ፊት የቆመችው ይህች ወጣት ግን ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ሕግ በሚከለክልበት ግዛት የተወለደች ነበረች። ልጅሽ ይህን ቢያውቅ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ንገሪው።

የታሪኩ ዘመን 1933 ነው፤ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የምትማቅቅበት ጊዜ። ቦታው የሚሲሲፒ ገጠር። የሎገን ቤተሰብ አራት ልጆች አሉት፤ የ12 ዓመቱ ስቴሲ፣ ታሪኩን የምትነግረን የ9 ዓመቷ ካሲ፣ ክሪስቶፈር ጆን፣ ከዚያም ሊትል ማን የሚሉት የ6 ዓመቱ ታናሻቸው። በዙሪያቸው ያለው ጥቁር ገበሬ አብዛኛው የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ነው፤ የሚያስፈልገውን በዱቤ እየወሰደ፣ መኸር ሲገባ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ሌላ ዕዳ ይገባል። የሎገን ቤተሰብ ግን የራሱ መሬት አለው። አያትየው 200 ኤከሩን በ1887፣ ሌላውን 200 ኤከር በ1918 ገዝተውታል። ያንን መሬት ላለማጣት አባትየው ዴቪድ ቤቱን ትቶ ሉዊዚያና የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ነው፤ እናትየው ሜሪ ታስተምራለች።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለውን አንድ ነገር ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ትምህርት በተከፈተ ቀን ሊትል ማን መጽሐፍ ይሰጠዋል። ልብሱን አቧራ እንዳይነካበት የሚሳሳ ልጅ ነው፤ የደረሰው መጽሐፍ ግን የቆሸሸና የተጎሳቆለ ነው። የሽፋኑን ውስጥ ሲገልጥ ሠንጠረዥ ያገኛል፤ መጽሐፉ የተሰጠበት ቀን፣ ይዞታውና የተማሪው ዘር ተመዝግቦበታል። አዲስ ሳለ ለነጭ፣ ትንሽ ሲያረጅም ለነጭ፣ እንዲህ እያለ 11 ጊዜ ለነጭ ልጆች ከዞረ በኋላ 12ኛው መስመር ላይ «እጅግ ያረጀ» ከሚለው ጎን ጥቁር ሰው የሚጠራበት የንቀት ስም ተጽፏል። ልጁ መጽሐፉን መሬት ጥሎ ረገጠው፤ ተገረፈበትም። እናቱ ነገሩን ስትሰማ ክርክር አላበዛችም። ወረቀት ቆርጣ፣ ሙጫ ቀብታ፣ የራሷን ክፍል መጻሕፍት ሠንጠረዥ አንድ በአንድ ሸፈነችው።

ይህ ነው ለልጄ ይከብደዋል ያልሽው። ሊትል ማን ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩትን ልጆች እስኪያድጉ የጠበቃቸው የለም። ልጅሽ ስላነበበው አይሰበርም፤ የሚከብደው ብቻውን ሲያነበው ነው። ማታ ማታ አብረሽው ተቀመጪ። እንግሊዝኛው ቢያዳግትሽ እሱ ያንብብልሽ፣ አንቺ ጠይቂው። ሜሪ ሎገን ወረቀቱን ስትለጥፍ እውነቱን ደበቀች ወይስ ልጆቿን ጠበቀች? በይው። እኔ መልሱን አልነግርሽም፤ እናትና ልጅ ተከራከሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልቆጣሽ አላልፍም። በመልእክትሽ መሀል «እኛ እኮ ባሪያ አልነበርንም፤ ይኼ የእነሱ ታሪክ ነው» ብለሻል። ይህን ቃል ልጅሽ ፊት እንዳትደግሚው። አድዋ ኩራታችን ነው፤ ሰው መናቂያ እንዲሆን ግን አልተሰጠንም። ደግሞስ እኛው ሰው ስንገዛና ስንሸጥ የኖርን አይደለንም? አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1942 ነው፤ የሎገን ልጆች ታሪክ ከሆነበት ዘመን ዘጠኝ ዓመት ዘግይታ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጅሽ በምትኖሩበት በሜሪላንድ መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው የሚያየው አንድ ጥቁር ልጅ ነው፤ አያቶቹ ከየት እንደመጡ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ዛሬ አንቺ በቀለምሽ ሳትከለከይ ሥራ የያዝሽውና ቤት የገዛሽው «እነሱ» ያልሻቸው ሰዎች ታስረውና ሞተው ባስወጡት የ1964 የሲቪል መብትና የ1968 የመኖሪያ ቤት ሕግ ነው። ባለውለታን ማወቅ ከእኛ ባህል ነው፤ ልጅሽም ይወቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። በመጽሐፉ ውስጥ ጄረሚ ሲምስ የሚባል ነጭ ልጅ አለ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ከሲታ፣ ሲናገር ፈራ ተባ የሚል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ከሎገን ልጆች ጋር ይገናኝና እስከ መገንጠያው አብሯቸው ይሄዳል። የነጮቹን ልጆች አውቶቡስ ያመላልሳቸዋል፤ ጥቁሮቹ በእግራቸው ናቸው፤ ሹፌሩም ሆን ብሎ አቧራና ጭቃ ይረጭባቸዋል። ጄረሚ ግን ከእነሱ ጋር በእግሩ መሄዱን ይመርጣል። ለዚህም ይከፍላል። የትምህርት ቤቱ ልጆች ይሳለቁበታል። ክንዱ ላይ ሰንበር ይዞ የመጣበት ቀን ከአንድ በላይ ነው፤ ከሎገን ልጆች ጋር በመዋሉ እንደተገረፈ ደስ እያላት የምታወራው የገዛ እህቱ ሊሊያን ጂን ናት።

ቤተሰቡን ደግሞ እይው። ካሲ ስትሮበሪ በምትባለው ከተማ ሳታይ ሊሊያን ጂንን ብትገጫት፣ አባትየው ቻርሊ ሲምስ የ9 ዓመቷን ልጅ ክንዷን ጠምዝዞ ከእግረኛው መንገድ ላይ ገፍትሮ ጣላት። ታላላቅ ወንድሞቹ አር ደብሊውና ሜልቪን ቆይተው ዘራፊና ነፍሰ ገዳይ ሆነው ይወጣሉ። ከእባብ እንቁላል እርግብ አይጠበቅም ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው ዞሮ ደግሞ እሳት አመድ ወለደ ይላል። ከእሳት አመድ ከተወለደ፣ ከእባብ ቤት እርግብ የማይወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ጄረሚ በዚያች የስትሮበሪ ቀን ካሲ ይቅርታ መጠየቋን ለአባቱ እየተንተባተበ ተናግሯል። አባትየው በቁጣ ሲያየው አንገቱን ደፋ። «ምነው አንገቱን ባይደፋ!» ልትይ ትችያለሽ። ማታ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድረው እሱ ነው። ያቺ ግማሽ ቃል ከአንድ ልጅ አቅም በላይ ናት።

የገና ዕለት ይኸው ልጅ የሎገንን ቤት በር አንኳኳ። ለቤተሰቡ በጆንያ ለውዝ፣ ለስቴሲ ደግሞ ራሱ የሠራውን የእንጨት ዋሽንት ይዞ መጥቷል። ከቺካጎ የመጣው አጎት ሃመር በጎሪጥ አየው። አባትየው ዴቪድ ግን አላባረረውም፣ አልሰደበውም። የቻርሊ ሲምስ ልጅ መሆኑን ጠየቀው፤ እዚህ መምጣቱን አባቱ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀው። አያውቅም። እንግዲያው ፍለጋ ሳይወጣ ቶሎ ቤትህ ግባ ብሎ ሸኘው።

ከዚያ ስቴሲን አስቀምጦ መከረው። ምክሩን በእኔ ቋንቋ ላሳጥርልሽ። ዛሬ እኩያ ናችሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ እሱ ሙሉ ሰው ነኝ ይላል፤ አንተን ግን ጎልምሰህም ልጅ እያሉ ይጠሩሃል። ያኔ ጄረሚ የዛሬውን ልብ ይዞ ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል፤ ችግሩ፣ እዚህ አገር ያንን ፈትኖ ለማወቅ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ስለዚህ ባትሞክረው ይሻላል አለው። ስቴሲ ዋሽንቱን አልጣለውም፣ አልነፋውምም፤ የሚሳሳላቸው ዕቃዎች ካሉበት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ይህን ያነበበ አባትየውን ደረቅ ሰው ሊለው ይችላል። እኔ አልለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚያ ዘመን 22 ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1955፣ ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከቺካጎ ሚሲሲፒ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ አንዲት ነጭ ሴት በድፍረት ተናገረ በሚል ተገድሎ ወንዝ ተጥሏል። ገዳዮቹን ነጮች ብቻ የተሰየሙበት የዳኞች ጉባኤ በነጻ አሰናበታቸው። ዴቪድ ሎገን ጄረሚን አልጠላም፤ ሒሳቡን ነው ያሰላው። ጓደኝነቱ ቢታወቅ ለጄረሚ ጅራፍ ነው፤ ለስቴሲ ግን ገመድ ነው።

ቀለም ብቻውን ግን ጓደኛን አይለይም። ለዚህ የስቴሲን ጥቁር ጓደኛ ቲጄን ተመልከቺ። ስቴሲን በፈተና ወረቀት ያስገረፈው፣ አዲስ ካፖርቱን አታሎ የወሰደበት፣ ወሬ አቀብሎ እናቱን ከሥራ ያስባረረው እሱ ነው። የእኩዮቹ ፊት ሲዞርበት ከጄረሚ ወንድሞች ጋር መዋል ጀመረ። ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። እነሱ ፊት ለፊቱ ደግ እየሆኑ ዞር ሲል እንደሚስቁበት ለስቴሲ የነገረው ማን ነው? ጄረሚ። ሌሊት ከቤተሰቡ ርቆ የሚተኛበትን፣ ዛፍ ላይ የሠራውን ማደሪያ ለሎገን ልጆች ባወራበት ቀን፣ የገዛ ወንድሞቹን ገመና አወጣላቸው። መጨረሻው እንዲህ ነው። ወንድማማቾቹ ከቲጄ ጋር ሱቅ ሰብረው ገቡ፤ ባለሱቁን ለሞት ያበቁት እነሱ ሲሆኑ ዕዳው ቲጄ አንገት ላይ ቀረ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

እነዚህን ሁለት ጓደኝነቶች ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ጄረሚ ከስቴሲ ጋር ሲሄድ የሚገረፈው ራሱ ጄረሚ ነው። የጄረሚ ወንድሞች ከቲጄ ጋር ሲሄዱ የሚከፍለው ቲጄ ነው። እኔ የምልሽ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ጓደኝነትን በቀለሙም፣ በስጦታውም፣ በአባት ስምም አትመዝኚው። ዋጋውን ማን እየከፈለ ነው? ብለሽ ጠይቂ።

ደራሲዋ በሌሎች መጻሕፍቷም ይህንኑ ጥያቄ አልተወችም። በ1987 ያሳተመችው «ዘ ፍሬንድሺፕ» አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ቶም ቢ የሚባሉ ጥቁር ሽማግሌ በወጣትነታቸው ጆን ዋላስ የሚባል ነጭ ልጅ ከሞት አድነዋል፤ እሱም ዕድሜ ልክህን በስሜ ትጠራኛለህ ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። ያ ልጅ አድጎ ባለሱቅ ሆነ። አንድ ቀን ሽማግሌው ሌሎች ነጮች እየሰሙ «ጆን» ብለው ጠሩት። ቃሉን ቢያከብር በሰዎቹ ፊት ሊያፍር ነው። ከሚያፍር ብሎ ባለውለታውን እግራቸውን በጥይት መታቸው። ብቻችሁን ስትሆኑ የሚወድሽ ሰው ብዙ ነው፤ ሰው ሲያይ የማይክድሽ ነው ወዳጅ። ጄረሚ ደግሞ በ1990 በወጣው «ዘ ሮድ ቱ ሜምፊስ» ጎልምሶ ይመጣል። ሞ የሚባለውን ጥቁር ወጣት ከሚያሳድዱት ነጮች በመኪናው ደብቆ አወጣው፤ አባቱም አንተ ልጄ አይደለህም ብሎ ካደው። አንዱ ለአንድ ስም ሲል ሰው አቆሰለ፤ ሌላው ቤቱን አጣ።

ስለ ካሲ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆች ይህን ክፍል ሲወዱት አይጣል ነው። ካሲ ሊሊያን ጂንን ለመበቀል ጓደኛ መስላ ቀረበቻት። ደብተሯን ተሸከመችላት፣ ምስጢሯን ሁሉ ሰማቻት፣ ከዚያ ጫካ ወስዳ ቀጠቀጠቻት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። በቀሉን ልረዳላት እችላለሁ፤ ሕግም ዳኛም የሌላት ልጅ ናት። ነገር ግን ልጅሽን ጠይቂው፤ ጄረሚ እህቱ በምን ዓይነት ጓደኝነት እንደተያዘች ቢሰማ፣ የስቴሲን ጓደኝነት ከዚያ ወዲያ በምን ልብ ያምነዋል?

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ።

መጀመሪያ፣ ያንን ልጅ ቤትሽ አስገቢው። ሲመጣ እንደ ልጅሽ እጁን አስታጥበሽ ገበታ አቅርቢው። እንጀራ መቁረስ ቢያቅተው አትሳቁበት። «አባትህ ምን ይሠራል? ለምን ይጠጣል?» እያልሽ አትመርምሪው፤ ልጅን በእንግድነት በመጣበት ቤት ገመናውን ማስወጣት ነውር ነው። መናገር ሲፈልግ ራሱ ይናገራል። ያኔም አድምጪው እንጂ «ወይ አንተ ምስኪን!» እያልሽ አታዋርጂው። አባቱንም እሱ ባለበት አትሙት፤ በአማርኛ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ልጅ ቋንቋ ባይሰማ ፊት ያነባል። ወልደው ሳይጨርሱ በሰው ልጅ አይስቁም።

ልጁ አባቱን እንዲጠላም አትጠብቂ። የጓደኝነትን ዋጋ በአባት ክህደት ክፈል ማለት ከአንድ ሕፃን የማይጠየቅ ነው። ቴይለር «ሚሲሲፒ ብሪጅ» በሚለው መጽሐፏ ታሪኩን የምታስነግረው በዚሁ በጄረሚ አፍ ነው። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነጮች እንዲሳፈሩ ጥቁሮቹ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ አውቶቡሱም ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፤ ሰው ለማውጣት ውሃ ውስጥ የሚገባው ካወረዷቸው ጥቁሮች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ የምናየው በቻርሊ ሲምስ ልጅ ዓይን ነው። የተበደለ ወገን ልጅ የሆነች ደራሲ የበዳይን ልጅ አፍ ሰጥታ ካናገረችው፣ አንቺ አንድ ሳህን ወጥ ማቅረብ አያቅትሽም።

ሁለተኛ፣ ልጅሽ እዚያ ቤት አይደር። ጠጪና ተሳዳቢ ሰው ያለበት ቤት ልጅ ልኮ መተኛት የለም፤ ነጭ ሆነ ጥቁር ሆነ ሐበሻ ሆነ። ምክንያቱን ለልጅሽ በግልጽ ንገሪው፤ «ጓደኛህን ስለጠላሁ አይደለም፤ ዋጋውን አንተ ብቻህን እንዳትከፍል ነው» በይው። መገናኛቸው ያንቺ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ኳስ ሜዳ ይሁን። የልጁ ክንድ ላይ ሰንበር ካየሽ ግን ገመና ነው ብለሽ አትለፊው። ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ንገሪ፤ በአሜሪካ መምህራን ልጅ መጎዳቱን ሲጠረጥሩ የማመልከት የሕግ ግዴታ አለባቸው። ሎገኖች የጄረሚን ሰንበር ቢያዩም የሚያመለክቱበት ደጅ አልነበራቸውም። አንቺ ግን አለሽ።

ሦስተኛ፣ አባትየውን ስታገኚው ሰላም በይው። ሰላምታ ዕዳ አይሆንም። ቢሰድብሽ በልጆቹ ፊት አትመልሺለት፤ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ዝም አይነቅዝም። እጁን ካነሳ ወይም ከዛተ ግን የሕግ ጉዳይ ነውና ለፖሊስ ተናገሪ።

አራተኛ፣ ጓደኝነቱን ከሩቅ ሆነሽ መርምሪው። ሌሎች ልጆች ልጅሽን በቀለሙ ወይም በስሙ ሲያሾፉበት ያ ልጅ ምን ያደርጋል? አብሮ ይስቃል ወይስ እንደ ጄረሚ ግማሽ ቃልም ብትሆን ይተነፍሳል? ልጅሽንም እንዲሁ ጠይቂው። የእኛ ልጆች «ፈረንጅ» እያሉ ጓደኛውን ሲያገሉት እሱ ምን ይላል? አንዱ ብቻ ሁልጊዜ የሚከፍልበት ጓደኝነት ከጊዜ በኋላ ቂም ይሆናል።

ዘመኑም እንደ ዴቪድ ሎገን ዘመን አይደለም። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት በዘር መለየትን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጻረር ነው ብሏል፤ ልጅሽና ጓደኛው ዛሬ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንኑ መጽሐፍ ያነባሉ። ዋጋው ረክሷል፤ አልጠፋም ግን። ስለዚህ የዴቪድን ጥንቃቄ ውሰጂ፣ የዴቪድን ውሳኔ ግን እንዳለ አትገልብጪ። እሱ «ገና ነው» ያለው በሚሲሲፒ 1933 ነው። ከእሱ የምትወስጂው ዋናው ትምህርት አካሄዱ ነው፤ እንግዳውን ልጅ አላዋረደም፣ ለልጁም እውነቱን ነገረው።

የመጨረሻው ነገር የገዛ ቤታችን ነው። ልጅሽ አዲስ የሐበሻ ጓደኛ ባመጣ ቁጥር «የማን ልጅ ነው? ወገኑ ከየት ነው?» ብለሽ አጥንት የምትቆጥሪ ከሆነ፣ ስለ ሚሲሲፒ ብትነግሪው አይሰማሽም። ልጅ ምክርሽን ሳይሆን ገበታሽን ነው የሚያየው፤ ማን እንደሚቀመጥበት፣ ማን በር ላይ እንደሚሸኝ። ቻርሊ ሲምስም ልጆቹን ያስተማረው በቤቱ ነበር። ሦስቱ ሰሙት፤ አንዱ ብቻ እምቢ አለ። በእንዲህ ያለው ዕድል መተማመን አያዋጣም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፤ አትከልክዪው፣ ዝምም አትበዪ። በርሽን ክፈቺ፣ ልጅሽን ጠብቂ፣ ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ዘወትር እዪ። መጽሐፉንም አብራችሁ ጨርሱት፤ ሲያልቅ ደውዪልኝና ልጅሽ ስለ ስቴሲ ዋሽንት ምን እንዳለ ንገሪኝ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ያንን ልጅም ከክፉ ይጠብቀው፤ የአባቱንም ልብ ያራራለት። አሜን በይ።

አጎትሽ